ጀርመን ልሄድ ነው፤ እናቴ አንዱን ሻንጣ ወርሳዋለች

ጃንተከል · ነሐሴ 20

ሰላም የጎንደር ልጆች። እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ ጤና ጣቢያ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ አሁን ለማስተርስ ጀርመን ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ቪዛዬ ባለፈው ሳምንት ወጣ። መስከረም 16 ከአዘዞ ተነሥቼ አዲስ አበባ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ፍራንክፈርት። ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም።

ትኬቴ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንደኛውን እናቴ ወርሳዋለች። ስድስት ኪሎ በርበሬ፣ አራት ኪሎ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሦስት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ። ትናንት ደግሞ ሥጋ ይዛ ገባች። ቋንጣ ልትሰቅል ነው። «በዚህ ዝናብ ቋንጣ አይደርቅም» ብላት «ከምድጃው በላይ እሰቅለዋለሁ፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ።

እዚያ ያላችሁ፣ ወይም ኖራችሁ የተመለሳችሁ፣ የመጀመሪያው ሰሞን ምን ያጋጥመኛል? ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ ብቻ ነው የሚነግረኝ። ብርድ እኮ ደባርቅም አለ። ሌላውን ንገሩኝ።

ቀሃ ማዶ · ነሐሴ 20

አንች ልጅ፣ ቅቤውንና ቋንጣውን ዛሬውኑ ከሻንጣው አውጪ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል። «ለራሴ ነው፣ ትንሽ ነው» ብትይ የሚሰማሽ የለም።

እኔ ይህን ያወቅሁት ጉምሩክ ላይ ቆሜ ነው። እናቴ ቅቤውን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ፣ በፌስታል ሦስት ጊዜ ጠቅልላ፣ በፕላስተር ገንዛዋለች። ጓንት ያጠለቀው ሰውዬ ፕላስተሩን በመቀስ ቆረጠ። ፌስታሉን አንድ በአንድ ፈታ። ክዳኑን ከፈተና አሸተተ። ራሱን ወደ ኋላ መለሰ። እንደገና ጠጋ ብሎ አሸተተ። አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ ተወውና ከጀርባው ያለው በርሜል ውስጥ ጣለው። ሲወድቅ «ዱብ» አለ። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ለእናቴ አልነገርኳትም። በደኅና ገባ አልኳት። አራት ዓመት ሆነው፤ አሁንም ስንደዋወል «ቅቤው አላለቀም?» ትለኛለች። በቁጠባ ነው የምጠቀመው እላታለሁ።

በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶው ችግር የለውም። ከቅቤው ይልቅ የቅቤውን ቅመም ያዢ። ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ሁሉም የደረቀ። ጨው የሌለው ቅቤ በየሱቁ በ250 ግራም ጥቅል ይሸጣል። እዚያው ታነጥሪዋለሽ።

ሳሙና በር · ነሐሴ 20

ስድስት ኪሎ በርበሬ ለአንድ ሰው? ምግብ ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ?

ጃንተከል · ነሐሴ 21

ለሳሙና በር፦ ግማሹ የጎረቤታችን ልጅ ድርሻ ነው። ልጁ ያለው ስዊድን ነው። «ቅርብ ነው፣ ብቅ ብለሽ ታደርሺለታለሽ» ብለዋል እትዬ።

ለቀሃ ማዶ፦ የጻፍከውን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «እና ሰውየው በላው?» አለች። ቅቤው ግን ወጥቷል። ቋንጣው እዚሁ ይበላል።

ማራኪ · ነሐሴ 21

ምግቡን ጨርሳችኋል፤ እኔ ስለ ወረቀት ልናገር። ጀርመን ወረቀት ነው።

ከመሄድሽ በፊት ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽንና የልደት ሰርተፊኬትሽን አልጋ ላይ ጎን ለጎን ዘርጊያቸው። ስምሽ ሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ተመልከቺ። በአንድ አናባቢ ከተለያየ እዚያ ሁለት ሰው ነሽ። የልደት ቀንም እንደዚያው። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሳይቀየር የገባ ካለ በሰባት ስምንት ዓመት ያስረጅሻል። ቀልድ እንዳይመስልሽ። በተማሪ ዋጋ የሚሰጠው የጤና መድን 30 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ነው። እኔ «32 ዓመትዎ ነው» ተብዬ 25 ዓመቴ መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

እንደገባሽ ቀዳሚው ሥራ «አንሜልዱንግ» ነው። የምትኖሪበትን አድራሻ ለከተማው አስተዳደር ማስመዝገብ ማለት ነው። ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይላል ሕጉ። አከራይሽ የሚፈርመው ወረቀት ይፈልጋል፤ ቁልፍ ስትቀበዪ አብረሽ ጠይቂ። የባንኩም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ነገር ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። የቀበሌ መታወቂያ እንደማውጣት ቁጠሪው። ልዩነቱ «ነገ ተመለሽ» የሚልሽ ሰው የለም። «ከአምስት ሳምንት በኋላ» የሚል ስክሪን ነው ያለው። ስለዚህ ቀጠሮውን ከጎንደር ሆነሽ መያዝ ከቻልሽ ያዢ።

ከዚያ ፖስታ ይጎርፍብሻል። አንዱ ለሬዲዮና ቴሌቪዥን በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ክፈይ ይላል። እኔ ቴሌቪዥን የለኝም፣ አጭበርባሪ ነው ብዬ ሰባት ወር ሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። በስምንተኛው ከነቅጣቱ ተጠራቅሞ መጣ። ቴሌቪዥን ኖረሽ አልኖረሽ ይከፈላል። የሚታሰበው በቤት ስለሆነ ከሰው ጋር ከተጋራሽ አንዳችሁ ከከፈላችሁ ይበቃል።

ፒያሳ · ነሐሴ 21

ቤት ሳታዪ እንዳትከፍዪ! አንዱ በኢሜይል «እኔ ውጭ አገር ነኝ፣ ማስያዣውን ላክልኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» ብሎ 600 ዩሮ በልቶኛል። ፎቶው ያምር ነበር። አድራሻው ላይ ሄጄ ያገኘሁት የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ዶርም ከተገኘ እሱን ያዢ።

ኮላ ድባ · ነሐሴ 22

ስለ ውጤት አሰጣጡ ማንም አልነገረሽም። እዚያ ትልቁ ውጤት 1.0 ነው። 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 መውደቅ።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ 1.3 አመጣሁ። ደስ ብሎኝ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። «ስንት አመጣህ?» «አንድ ነጥብ ሦስት!» ዝም አለ። ከዚያ በጣም ረጋ ባለ ድምፅ «አይዞህ ልጄ፣ አገሩን እስክትለምደው ነው» አለኝ። አሥር ደቂቃ ፈጅቼ አስረዳሁት። አላመነኝም። በኋላ እንደሰማሁት ለሰፈሩ ሰው «3.7 አመጣ» ብሎ ነው ያወራው። ራሱ አስልቶ መሆኑ ነው።

ሌላው፣ ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ቀድመሽ መመዝገብ አለብሽ። ክፍል ውስጥ መገኘትሽ ብቻ አያስቆጥርልሽም። የምዝገባው ቀን ካለፈ አለፈ፤ ሬጅስትራር ደጅ ላይ ቆሞ መለመን እዚያ አይሠራም።

ጡረተኛው · ነሐሴ 22

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ግን ባዕድ ሰው ከተማችን ሲገባ ብዙ አይቻለሁ። የጤና ኮሌጁ በፈረንጆቹ 1954 የተከፈተው ወባ ደንቢያን ከጨረሰው በኋላ ነው። እኔ ዘግይቼ ስገባም የውጭ አገር መምህራን ነበሩበት። አንዱን አባቴ ለእራት ጠራው። «ቅዳሜ አንድ ሰዓት» ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ሰውየው በራሱ አንድ ሰዓት መጣ። በእኛ ሰባት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ። አባቴ ገበያ ነው። እናቴ ምድጃ ስትለቀልቅ እጇ ጭቃ ነው። የሚበላው ዶሮ ገና ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። እንግዳው ዶሮውን አየው፣ ዶሮውም አየው።

እናቴ እጇን ታጥባ አስቀመጠችው። ቡና ተፈላ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አለቀ። እንደገና ተፈላ። ቋንቋ አይግባቡም። ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየመጣ አጠገቡ ተቀመጠ። ስድስት ሰዓት ሙሉ። ወጡ ሲቀርብ ሰውየው የቤቱ ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ እራት በተጠራ ቁጥር ስድስት ሰዓት ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ አውቆ።

ሥላሴ ሰፈር · ነሐሴ 22

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። በምሳ ሰዓቴ ብቻዬን ሳስቅ ቢሮው ሁሉ አየኝ። እዚህ ሰው ቤት ስድስት ሰዓት ቀድሞ መሄድ ይቅርና ስድስት ደቂቃ ቢቀድሙ ደጅ ላይ ያስቆሙዎታል።

ጃንተከል፣ ስልክሽን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጊው። ሌላም ወጥመድ አለ። ጀርመኖች «ሀልብ ድራይ» ሲሉ ቃሉ «ግማሽ ሦስት» ነው፤ እነሱ ግን ሁለት ተኩል ማለታቸው ነው። እኔ ሦስት ተኩል መስሎኝ ሄጄ የፕሮፌሰሬ በር ተቆልፎ ጠበቀኝ። ፕሮግራምሽ ላይ ደግሞ ከሰዓቱ አጠገብ «ሲ ቲ» የሚል ካየሽ ትምህርቱ የሚጀምረው ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ ነበር።

አንድ ምክር ልስጥሽ፣ የሚከፋው ይክፋው። ከአበሻ ራቅ በዪ። ቋንቋ የማይገባን እርስ በርሳችን ተሰብስበን አማርኛ ስናወራ ስለምንውል ነው።

አራዳ · ነሐሴ 22

እኔን ከፍቶኛል። እህቴ፣ ይህን ምክር እንዳትሰሚ። ያለ አንድ ዘመድ ስገባ ባቡር ጣቢያ የተቀበለኝ የማላውቀው የሐረር ልጅ ነው። ብርድ ልብስ ያዋሰኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ማታ ነበር የገባሁት። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ መሆኑን አላውቅም። ያን ቀን የበላሁት የሱን ፓስታ ነው። «ራቂ» ባዩ ራሱ ሲገባ ማን ተቀበለው?

ሥላሴ ሰፈር · ነሐሴ 22

ተቀብለውኛል። ውለታ የለም አላልኩም። ሦስት ዓመት ቆይቼ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ይዤ መሄዴ አሳፍሮኝ ነው የምናገረው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። የቤት ደብዳቤው፣ ሐኪሙ፣ ጎረቤቱ በጀርመንኛ ነው። «ራቂ» ያልኩት በዝቷል፣ ልመልሰው። ከቻልሽ ከአሁኑ ጀምሪ።

አራዳ · ነሐሴ 22

አሁን ተስማማን።

ቸቸላ · ነሐሴ 23

የተመለስኩ ነኝ። ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ጨርሼ፣ አሁን ጎንደር ነኝ። ብርዱ አይደለም የሚከብደው፣ ጨለማው ነው። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ሰዓት ሳታዪ ቀኑን ታውቂዋለሽ። በርሊን ታኅሣሥ ላይ በእኛ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ከክፍል ስትወጪ ሌሊት ነው። ጠዋትም የገባሽው በጨለማ ነው። ኅዳር ላይ ምክንያቱን ሳላውቅ አለቅስ ነበር። አንዲት ሐኪም ናት ቫይታሚን ዲ ያዘዘችልኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ውጪና ተራመጂ ያለችኝ። ፀሐይ የወጣች ዕለት ሥራ ፈትተው ግድግዳ ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ሰማይ የሚያዞሩ ሰዎች ታያለሽ። እንዳትስቂባቸው። በየካቲት አንቺም ከጎናቸው ትቆሚያለሽ።

ሰላምታውም ያሳጥርብሻል። እኛ ከብቱ ሳይቀር እንዴት አደረ ተባብለን ነው ወሬ የምንጀምር። እዚያ ኮሪደር ላይ «ሃሎ» አለቀ። ጥላቻ አይደለም። እኔ ግን መጀመሪያ ቂም ይዤባቸው ነበር።

ገንዘብን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ሁለተኛው ወር ላይ የዘመድ ስልክ ይጀምራል። «ደረስሽ አይደል?» ብሎ ይጀምርና አልጋ፣ ፍሪጅ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ላይ ይደርሳል። ስኮላርሺፑ ለአንድ ሰው የተለካ ነው። የውጭ ተማሪ በዓመት መሥራት የሚችለው 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፤ ያንቺ ስኮላርሺፕ ደግሞ የራሱ ሕግ ሊኖረው ይችላል፣ ውልሽን አንብቢ። ሳትሄጂ ለቤተሰብሽ ቁጭ ብለሽ በቁጥር ንገሪያቸው። የቤት ኪራይ ይህን ያህል፣ መድን ይህን ያህል፣ የሚተርፈው ይህ። እኔ አፍሬ አልተናገርኩም። እየተበደርኩ ላክሁ።

ሳሙና በር · ነሐሴ 23

ቁም ነገር ልጻፍ እኔም። ቡና ስትቆዪ ጣራውን እዪ። ነጭ ክብ ነገር ካለች የጭስ ጠቋሚ ናት። እኔ ለፋሲካ ዶርሜ ውስጥ ቄጤማ ሳጣ አረንጓዴ ፎጣ አንጥፌ፣ ቡናዬን ቆልቼ፣ ጢሱን ላሽትት ብዬ መጥበሻውን ዞር ዞር ሳደርገው ጮኸች። ከእሷ ጋር ፎቁ ሁሉ ጮኸ። 60 ሰው በፒጃማ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። አንድ ግዙፍ ሰውዬ ኮፍያውን እንዳጠለቀ ክፍሌ ገብቶ ዕጣኑን፣ ጀበናውን፣ ፎጣውን አየ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያቺን ሌሊት ግን የማላውቀው ጎረቤት አልቀረም።

የተቆላና የተፈጨ ይዘሽ ሂጂ።

ጃንተከል · ነሐሴ 24

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም ደብተር ላይ ገልብጫለሁ። የቤተሰብ ስብሰባው ትናንት ማታ ተደረገ፣ በቁጥር። አጎቴ ትንሽ አኮረፈ። የሰነዶቼን ስም አስተያየሁ፤ የልደት ሰርተፊኬቴ ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ይለያል። ሰኞ ላስተካክል እሄዳለሁ።

ጃንተከል · ጥር 13

ክሩን ቀስቅሼዋለሁ፣ ይቅርታ። ጠፍታ ቀረች እንዳትሉኝ።

ደኅና ነኝ። አንሜልዱንጉ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አለቀ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ በአባቴ ስም ነው። «ፍራው»፣ ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ ብለው የአባቴን ስም ሲያስከትሉ መጀመሪያ ዞር ብዬ አባቴን እፈልግ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። «ስሜ ጀርመን ገባ» ይላል።

ጾሙ ቀላል ሆነልኝ። ከእንስሳ ነጻ የሆነ ምግብ ላይ «ቪጋን» ብለው ይጽፉበታል። ሜንዛ የሚሉት የተማሪ ካፌ ውስጥ ሳልጠይቅ አገኛለሁ። ነቢያትን ስጾም አንዷ የክፍሌ ልጅ ለእንስሳት አዝኜ መስሏት አቀፈችኝ። አላረምኳትም።

ከትናንት በስቲያ ጥምቀት ነበር። እዚህ ከዜሮ በታች ስድስት ነው፣ እኔ የቡድን ሥራ ላይ ነኝ። እናቴ ከፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ደወለች። ሁለት ሰዓት ስለምትቀድመን እኔ ገና ከአልጋ አልወረድኩም። ምንም አላለችኝም፣ ስልኩን ወደ ሕዝቡ ያዘችው። እልልታው ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ከዚያ ኔትዎርኩ ተቋረጠ። መልሳ ሞከረች፣ አልሆነም። ክፍል ገብቼ ስለ ናሙና አወሳሰድ ተከራከርኩ።

አሁን ስለ ቅቤው። ከመምጣቴ በፊት እናቴ አንድ ማታ ምድጃ አጠገብ አስቀምጣ ማንጠር አስተማረችኝ። ሰዓት አልነገረችኝም። «ድምፁን ስሚው» አለች። «መጀመሪያ ይንጫጫል። ውኃው ሲያልቅ ዝም ይላል። ዝም ሲል አውጪው፤ ከቆየሽ ያርራል።» እዚህ ገና ሰሞን አራት ጥቅል ቅቤ ገዛሁ፣ አንድ ኪሎ። የጋራ ወጥ ቤታችን ጫጫታ ነው፤ ሙዚቃ አለ፣ ማጠቢያ ማሽን አለ። ጆሮዬን ድስቱ ላይ ደፍቼ ልሰማ ስሞክር አንድ የሕንድ ልጅ ገባ። ቆሞ አየኝ። ሙዚቃውን ሄዶ አጠፋው። «እናቴም እንደዚያ ነው የምታደርገው» አለኝ። እነሱ «ጊ» ይሉታል። ሁለታችንም ዝም ብለን ድስቱን አዳመጥን። ዝም ሲል አብረን «አሁን!» አልን።

እሱ ቅመም አይጨምርበትም። ኮሰረቱን ሲያሸት እንደ ቀሃ ማዶ ጉምሩክ ራሱን መለሰ፣ ከዚያ ግን ለመነኝ። በየሳምንቱ እያነጠርን ኮሰረቴ አልቋል። በሶብላውም ጥቂት ነው የቀረው። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ከጎንደር ወደዚህ የሚመጣ ሰው አለ?

እትዬ ስዊድን · ጥር 13

ልጄ ነው የከፈተልኝ ይህን። በርበሬውን አሁንም አልደረሰውም ይላል።

ጃንተከል · ጥር 13

ይቅርታ እትዬ! በፖስታ ልኬዋለሁ፣ እየጠበቅን ነው።

ፒያሳ · ጥር 14

የካቲት 20 እመጣለሁ። ግማሽ ኪሎ ቦታ አለኝ፣ ቅቤ ግን አልይዝም። የእናትሽን ስልክ በውስጥ ላኪልኝ።